የማያየው ሰው የከፈለው ሒሳብ፦ የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል የቴሌቪዥን ገንዘብ

ኦገስት 4 ቀን 2023 (እ.ኤ.አ.) ጠዋት የፓክ-12 ኮንፈረንስ አባል ዩኒቨርሲቲዎች መሪዎች አንድ ሰነድ ሊፈርሙ ቀጠሮ ይዘው ነበር። ሰነዱ የየዩኒቨርሲቲውን የቴሌቪዥን ስርጭት መብት ለኮንፈረንሱ የሚያስረክብ ነው። ሳይፈረም ቀረ። የኦሪገን እና የዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲዎች ወደ ሌላ ኮንፈረንስ፣ ወደ ቢግ ቴን መሄዳቸው ተሰማ። ቀኑ ሳያልቅ አሪዞና፣ አሪዞና ስቴት እና ዩታ ወደ ቢግ 12 ተሻገሩ። ታሪኩ ከ1915 የሚጀምር፣ የምዕራብ አሜሪካን ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ያሰባሰበ ኮንፈረንስ በአንድ ቀን ፈረሰ።

ያን ጊዜ ብዙ ሰው "ስግብግብነት ነው" አለ። እውነት አለው። ግን ስግብግብነት ድሮም ነበር። ለምን በ2023 እንደሆነ አያስረዳም። እኔ መልሱ ያለው የኬብል ቴሌቪዥን ቢል ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ። የአሜሪካን የኮሌጅ ፉትቦል ያበለጸገው ጨዋታውን የሚያየው ሰው ብቻ አይደለም። የማያየውም ሰው በየወሩ ሲከፍል ኖሯል። ይህ ሰው ኬብሉን መቁረጥ ሲጀምር፣ ገንዘቡን የለመዱት ሁሉ መሯሯጥ ጀመሩ።

ለጉዳዩ አዲስ ለሆነ አንባቢ አንድ ነገር ላስቀድም። ኮንፈረንስ ማለት እርስ በርስ የሚጫወቱ ዩኒቨርሲቲዎች ስብስብ ነው። ዛሬ የቴሌቪዥን መብትን ለጣቢያዎች የሚሸጠው በዋናነት ይህ ስብስብ ነው። ትልልቆቹ ሁለት ናቸው፤ 18 አባላት ያሉት ቢግ ቴን እና 16 አባላት ያሉት ኤስኢሲ። ቢግ 12 እና ኤሲሲ ከነሱ ቀጥሎ ይመጣሉ።

ሁሉ ነገር የተከፈተበት ፍርድ

እስከ 1984 ድረስ ሻጩ አንድ ነበር። የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ማኅበር፣ ኤንሲኤኤ። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ስንት ጨዋታ በቴሌቪዥን እንደሚተላለፍ የሚወስነው እሱ ነው። ፍራቻው ቀላል ነበር፤ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ካየ ቲኬት አይገዛም። በመጨረሻው ውል አንድ ቡድን በሁለት ዓመት ውስጥ ከስድስት ጊዜ በላይ በቴሌቪዥን መታየት አይችልም ነበር። የፈለገውን ያህል ጎበዝ ይሁን፣ የፈለገውን ያህል ተመልካች ይኑረው።

በ1981 የሆነውን እንይ። በአንድ ቅዳሜና እሑድ ኦክላሆማ ከሎስ አንጀለሱ ዩኤስሲ ተጫወቱ። ሁለቱም በወቅቱ ከአገሪቱ አምስት ምርጥ ቡድኖች መካከል ናቸው። ጨዋታው ከ200 በላይ ጣቢያዎች ላይ ተላለፈ። በዚያው ሳምንት አፓላቺያን ስቴት እና ዘ ሲታደል ተጫወቱ። የእነሱ ጨዋታ የተላለፈው በአራት ጣቢያዎች ብቻ ነው። ክፍያው ሲከፋፈል ግን አራቱም ቡድኖች እኩል ወሰዱ። የኦክላሆማ ሰዎች ይህን ዓይነት ነገር ዝም ብለው ሊያዩ አልቻሉም። ከጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው ኤንሲኤኤ ላይ ክስ መሠረቱ።

ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። በ1984 ዳኞቹ 7 ለ 2 በሆነ ድምፅ ለዩኒቨርሲቲዎቹ ፈረዱ። ኤንሲኤኤ ዋጋና ብዛት መወሰኑ የፀረ-ሞኖፖሊ ሕግን ይጥሳል ተባለ። የብዙኃኑን ውሳኔ የጻፉት ዳኛ ጆን ፖል ስቲቨንስ ናቸው። ከተቃወሙት ሁለት ዳኞች አንዱ ባይረን ዋይት ነበሩ። ዋይት በወጣትነታቸው ለኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የተጫወቱ፣ ከዚያም በፕሮፌሽናሉ ሊግ በኤንኤፍኤል ኳስ ይዞ በመሮጥ በተሸፈነ ርቀት አንደኛ የወጡ ታዋቂ ተጫዋች ናቸው። የኮሌጅ ስፖርት ለገበያ ብቻ ከተተወ የአማተርነት መንፈሱና ሚዛኑ ይጠፋል ብለው ሰግተው ነበር። ፍርዱ በሕግ ዓይን ትክክል ይመስለኛል። የዋይት ስጋት ግን ዛሬ ዓይናችን እያየ ተፈጽሟል።

ፍርዱ ወዲያው ማንንም ሀብታም አላደረገም። እንዲያውም ዋጋው ወረደ። ሁሉም መሸጥ ሲጀምር ገበያው በጨዋታ ተጥለቀለቀ። ብዙዎቹ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ቀደም ሲል ባቋቋሙት የራሳቸው ማኅበር በኩል ለተወሰኑ ዓመታት በጋራ ሸጡ። በ1990 ግን ኖትር ዳም ብቻውን ከኤንቢሲ ጋር ተዋዋለ። ለአምስት ዓመት 38 ሚሊዮን ዶላር። አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ብሔራዊ ጣቢያ። ቀጥሎ ኤስኢሲ ከሲቢኤስ ጋር ለብቻው ተዋዋለ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ኮንፈረንስ ለራሱ ሆነ።

የሲልቨር ስፕሪንግ ቢል

ትልቁ ገንዘብ የመጣው ከኬብል ነው። አሠራሩን አንዴ ካዩት የቀረው ይገባል።

እንደ ኢኤስፒኤን ያለ የስፖርት ጣቢያ ከማስታወቂያ ብቻ አይደለም የሚያገኘው። የኬብል ኩባንያው ለእያንዳንዱ ደንበኛ በየወሩ ለጣቢያው ይከፍላል። ደንበኛው ጣቢያውን ያየው አላየው ለውጥ የለውም። ኢኤስፒኤን በከፍታው ዘመን ወደ 100 ሚሊዮን ቤቶች ይገባ ነበር። ከእያንዳንዱ ቤት በወር አንድ ዶላር ብቻ ቢሰበሰብ በዓመት 1.2 ቢሊዮን ዶላር ነው። ኢኤስፒኤን የሚያስከፍለው ደግሞ ከአንድ ዶላር እጅግ የበለጠ ነው፤ ከኬብል ጣቢያዎች ሁሉ ውዱ ነው። ነገሩ የእድር መዋጮ ይመስላል። ሁሉም ያዋጣል፣ የሚጠቀመው የተወሰነው ነው። ልዩነቱ የእድር አባል ለምን እንደሚያዋጣ ማወቁ ነው።

ቢግ ቴን ይህን ቀድሞ ገባው። በ2007 የራሱን ጣቢያ ቢግ ቴን ኔትወርክን ከፎክስ ጋር አቋቋመ። የኬብል ኩባንያዎች ለዚህ ጣቢያ የሚከፍሉት በቢግ ቴን ግዛቶች ውስጥ ላለ ደንበኛ ብዙ፣ ከግዛቶቹ ውጭ ላለ ደንበኛ ትንሽ ነው። እዚህ ጋ ቆም ብለን እናስብ። በዚህ ስሌት አዲስ አባል የሚመረጠው በፉትቦሉ አይደለም። በዙሪያው በሚኖረው ሕዝብ ብዛት ነው።

በ2012 ሜሪላንድ እና ራትገርስ ወደ ቢግ ቴን እንደሚገቡ ተነገረ፤ በ2014 ገቡ። ሁለቱም የፉትቦል ኃያላን አልነበሩም። ሜሪላንድ ከ1953 ጀምሮ የኤሲሲ መሥራች አባል ነበር። ግን ራትገርስ የኒው ዮርክን ገበያ፣ ሜሪላንድ የዋሺንግተን ዲሲንና የባልቲሞርን ገበያ ይዘው መጡ። ፉትቦል ሳይሆን ቤቶች ነበር የተገዛው።

የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ያለበት ኮሌጅ ፓርክ ከሲልቨር ስፕሪንግ ቅርብ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ስንቱ ወገናችን እንደሚኖር አንባቢ ያውቃል። ማታ ከሥራ ገብቶ ዜና የሚያይ፣ ለልጆቹ ካርቱን የሚከፍት፣ የአሜሪካን ፉትቦል ሕግ የማያውቅ ቤተሰብ በብዛት አለ። የኬብል ደንበኛ ከሆነና ቢግ ቴን ኔትወርክ ከጥቅሉ ውስጥ ከገባ፣ ያ ቤተሰብም ለቢግ ቴን ከፍሏል። ቢሉ ላይ "ለፉትቦል" የሚል መስመር የለም። በጥቅሉ ውስጥ ተደብቋል። ማንም አልጠየቀውም። ይህ ነገር እስካሁን ያናድደኛል፤ ምክንያቱም የአሠልጣኝ ሚሊዮኖችና የስታዲየም እድሳት ከእንዲህ ዓይነቱ ቤተሰብ ኪስም ነው የወጣው።

ኬብሉ ሲቆረጥ

ከዚያ ሰው ኬብል መቁረጥ ጀመረ። ኔትፍሊክስ መጣ፣ ዩትዩብ መጣ፣ ስልክ ሁሉን ነገር ተካ። ከ100 ሚሊዮን አካባቢ የነበሩት የኢኤስፒኤን ቤቶች ዛሬ ከ70 ሚሊዮን በታች ናቸው። ኢኤስፒኤን ራሱ በኦገስት 2025 ያለ ኬብል በቀጥታ በወር 29.99 ዶላር መሸጥ ጀምሯል። አሁን የሚከፍለው ማየት የሚፈልገው ሰው እየሆነ ነው።

ይህ ለተመልካቹ ፍትሐዊ ነው። ለኮንፈረንሶቹ ግን ስሌቱን ገለበጠው። የማያየው ሰው ሲቀር፣ የሚያየውን ሰው የሚጎትት ጨዋታ ያስፈልጋል። ቤት መቁጠር ቀረ፤ ተመልካች መቁጠር መጣ። ስለዚህ የሁለተኛው ዙር ግዢ እንደ ራትገርስ ያሉትን አልፈለገም። ቴክሳስ እና ኦክላሆማ ወደ ኤስኢሲ እንደሚሄዱ በ2021 ተነገረ። ዩኤስሲ እና ዩሲኤልኤ ወደ ቢግ ቴን እንደሚሄዱ በ2022 ተነገረ። የሁሉም ዝውውር በ2024 ተፈጸመ።

ገንዘቡም ተከተለ። ሲቢኤስ ለኤስኢሲ የሳምንቱ ትልቅ ጨዋታ በዓመት 55 ሚሊዮን ዶላር ያህል ይከፍል ነበር። ኢኤስፒኤን ያንን መብት ከ2024 ጀምሮ በዓመት ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር እንደወሰደው ተዘግቧል። ቢግ ቴን በኦገስት 2022 ከፎክስ፣ ከሲቢኤስ እና ከኤንቢሲ ጋር ለሰባት ዓመት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ የተባለለት ውል ፈረመ። የቀትር ጨዋታ ለፎክስ፣ የከሰዓት ለሲቢኤስ፣ የማታ ለኤንቢሲ። ቅዳሜን ለሦስት ተካፈሉት።

እዚህ ላይ ብዙ የማይነሳ ነገር አለ። የቢግ ቴን ኔትወርክ አብዛኛው ድርሻ የፎክስ ነው። ፎክስ የኮንፈረንሱ ደንበኛም ሸሪክም ነው ማለት ነው። የሚገዛውና የሚሸጠው በአንድ ጠረጴዛ ጎን ተቀምጠዋል። በሌላ ዘርፍ ይህ ቢሆን ጥያቄ ይበዛ ነበር።

ፓክ-12 በዚህ መሀል ተረገጠ። ዩኤስሲ እና ዩሲኤልኤ ሲወጡ የሎስ አንጀለስ ገበያም አብሮ ወጣ። ከዚያ በኋላ ኢኤስፒኤን ለአንድ ዩኒቨርሲቲ በዓመት 30 ሚሊዮን ዶላር ያህል አቅርቦ እንደነበር ተዘግቧል። ፓክ-12 50 ሚሊዮን ጠየቀ፤ ኢኤስፒኤን ተወው። የቢግ ቴንን ዋጋ ሰምተው ነው መሰለኝ። "ሲሉ ሰምታ" እንደሚባለው ሆነ።

ቢግ 12 በተቃራኒው ቸኮለ። ኮሚሽነሩ ብሬት ዮርማርክ ሥራ ከጀመሩ ጥቂት ወራቸው ነበር። ነባሩ ውል ሳያልቅ ድርድር ከፈቱ። በኦክቶበር 2022 ከኢኤስፒኤን እና ከፎክስ ጋር ለስድስት ዓመት 2.28 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተስማሙ። ለአንድ ዩኒቨርሲቲ በአማካይ 31.7 ሚሊዮን ነው። ከቢግ ቴን ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ግን ገዢዎቹ ኪሳቸውን ከመዝጋታቸው በፊት ደረሰ። ፓክ-12 ተራው ሲደርስ የቀረለት ዋነኛ አማራጭ አፕል ሆነ፤ መነሻው ዝቅ ያለ፣ የቀረው በተመዝጋቢ ቁጥር የሚወሰን። ማንም ልጁን ለትምህርት የሚልክ ሰው እንደሚያስበው፣ የዩኒቨርሲቲ በጀት በተስፋ አይያዝም።

የቀሩት ኦሪገን ስቴት እና ዋሺንግተን ስቴት ናቸው። ሁለቱም የሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። ሁለቱም በትናንሽ ከተሞች ያሉ ናቸው፤ ኮርቫሊስ እና ፑልማን። ያጠፉት ነገር የለም። ጥፋታቸው በዙሪያቸው ብዙ ቴሌቪዥን አለመኖሩ ነው። የኮንፈረንሱን ስምና ገንዘብ ለመያዝ ፍርድ ቤት ሄደው አሸነፉ። አዳዲስ አባላትን ሰብስበው ፓክ-12ን ለ2026 የውድድር ዘመን መልሰው አቁመዋል። ጽናታቸውን አደንቃለሁ። ግን የድሮው ፓክ-12 አይደለም።

ሜዳው ላይ የሚታየው

ስታዲየም ገብቶ ለሚያይ ሰው ይህ ሁሉ የሚታየው በአንድ ሰው ነው። ከሜዳው ጠርዝ ላይ ቀይ ኮፍያ ያደረገ ሰው አለ። ቴሌቪዥኑ ማስታወቂያ ሲያስገባ ሰውየው ወደ ሜዳው ጥቂት እርምጃ ገብቶ ይቆማል። እሱ እስኪወጣ ጨዋታው አይቀጥልም። ተጫዋቾቹ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። ማርሽ ባንዱ ይነፋል። ሕዝቡ ይጠብቃል። ቀይ ኮፍያው ሲወጣ ዳኛው ያፏጫል። የ60 ደቂቃ ጨዋታ ከሦስት ሰዓት በላይ የሚወስደው በዚህም ጭምር ነው። በ2023 ጨዋታውን የሚያሳጥር የሰዓት ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ የተቀነሰው የተጫዋቾቹ ጨዋታ ነው፤ ማስታወቂያው ባለበት አለ።

ሰዓቱም የቴሌቪዥን ነው። አብዛኛው ጨዋታ ስንት ሰዓት እንደሚጀመር የሚታወቀው ከ12 ቀን በፊት ነው፤ አንዳንዴ ስድስት ቀን ሲቀረው። የሚሺጋን ስታዲየም ከ107,000 በላይ ሰው ይይዛል። ይህ ሁሉ ሰው ቲኬት ገዝቶ፣ ሆቴል ይዞ፣ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ፣ ጨዋታው ቀትር ላይ ይሁን ማታ አያውቅም። ጣቢያዎቹ ጨዋታዎችን በየሳምንቱ በተራ ይመርጣሉ። ባለ ቲኬቱን ማንም አያማክረውም።

ጉዞው ከሁሉ ይከፋል። ከሎስ አንጀለስ እስከ ኒው ጀርሲ ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር ነው። ዩሲኤልኤ እና ራትገርስ ዛሬ በአንድ ኮንፈረንስ ናቸው። ስታንፈርድ እና በርክሌይ በፓስፊክ ዳር ተቀምጠው የአትላንቲክ ዳርቻ ኮንፈረንስ (የኤሲሲ) አባል ሆነዋል። የፉትቦል ቡድን በዓመት አሥራ ሁለት ገደማ ጨዋታ ነው ያለው፤ አብዛኛውም ቅዳሜ ነው። ሸክሙ የወደቀው በሴቶች ቮሊቦል፣ በሶፍትቦል፣ በእግር ኳስ ቡድኖች ላይ ነው። እነሱ በሳምንት መሀል ይጫወታሉ። ነገ ፈተና ያለባት ልጅ ዛሬ አገር አቋርጣ ትበራለች። ይህን ውል ሲፈርሙ ስለ እሷ ያሰበ ሰው ነበር ብዬ ማመን ይከብደኛል።

ገንዘቡ ማን ጋ ደረሰ?

ለአሥርት ዓመታት ተጫዋቹ ጋ አልደረሰም። ስኮላርሺፕ ነበር፣ ደመወዝ ግን አልነበረም። ይህ የተቀየረው በጁን 2025 ነው። ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ባጸደቁት ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለአትሌቶቻቸው በቀጥታ ማካፈል ይችላሉ። ለቀደሙት አትሌቶች ደግሞ ወደ 2.8 ቢሊዮን ዶላር በአሥር ዓመት ይከፈላል። ዘግይቷል፣ ግን ተገቢ ነው። በነሱ ጉልበት ነው ሁሉም የበላው።

ችግሩ አዲሱ ወጪ ከየት ይሸፈናል የሚለው ነው። ከ20.5 ሚሊዮኑ አብዛኛው የሚሄደው ለፉትቦል እና ለወንዶች ቅርጫት ኳስ ነው። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች እንደ ቴኒስ እና ዋና ያሉ ቡድኖችን ዘግተዋል። እዚህ ጋ ነገሩ ወደ እኛም ይመጣል። ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራ እና ከኬንያ የሄዱ ወጣት ሯጮች በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በስኮላርሺፕ ይማራሉ። ረጅም ርቀት ሩጫ በቴሌቪዥን አይሸጥም። በትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች በጀቱ የሚመጣው በአብዛኛው ከፉትቦል ነው። የፉትቦሉ ገንዘብ ሲጠብ መጀመሪያ የሚነካው እንዲህ ያለው ቡድን ነው።

የገንዘቡ መጥበብ ደግሞ ለሁሉም እኩል አይደለም። ኢኤስፒኤን ለብሔራዊው ፕሌይኦፍ (ሻምፒዮናው ለሚለይበት የማጠቃለያ ውድድር) ከ2026 ጀምሮ ለስድስት ዓመት 7.8 ቢሊዮን ዶላር ይከፍላል። ከዚያ ቢግ ቴን እና ኤስኢሲ እያንዳንዳቸው 29 በመቶ ገደማ እንደሚወስዱ ተዘግቧል። በሌላ ጫፍ ደግሞ የዳላሱ ኤስኤምዩ አለ። ኤሲሲ ውስጥ ለመግባት ሲል ብቻ ለዘጠኝ ዓመት ከኮንፈረንሱ የቴሌቪዥን ገንዘብ ላለመውሰድ ተስማማ። ክፍተቱን ሀብታም ደጋፊዎቹ ሞሉለት። ሀብታም ደጋፊ የሌለው ዩኒቨርሲቲ ይህን አያደርግም።

ተመልካቹም በውሎቹ መሀል ይጨፈለቃል። በ2025 መጨረሻ የኢኤስፒኤን ባለቤት ዲዝኒ እና ጣቢያዎችን በኢንተርኔት በጥቅል የሚሸጠው ዩትዩብ ቲቪ በዋጋ አልተስማሙም። ከኦክቶበር 30 ምሽት እስከ ኖቬምበር 14 ድረስ የኢኤስፒኤን እና የኤቢሲ ጣቢያዎች ከዩትዩብ ቲቪ ጠፉ። በፉትቦሉ ወቅት መሀል ሁለት ቅዳሜ። ኬብል ቆርጦ "አሁን የምፈልገውን ብቻ እከፍላለሁ" ያለው ሰው የሚፈልገውን ብቻ አጣ።

መብቱን አንድ ላይ መሸጥ

አሁን ዋሺንግተን ዲሲ ላይ የሚነሳው ሐሳብ ወደ አንድ ሻጭ እንመለስ የሚል ነው። በ1961 የወጣ የስፖርት ስርጭት ሕግ አለ። ኤንኤፍኤልን የመሳሰሉ የፕሮፌሽናል ሊጎች መብታቸውን በጋራ እንዲሸጡ ይፈቅዳል። ኤንኤፍኤል በኮሌጆች ወቅት ቅዳሜ ጨዋታ በቴሌቪዥን ካስተላለፈ ግን ያው ሕግ የሰጠው ጥበቃ አይሸፍነውም። ኮሌጆች ግን በጋራ የመሸጥ ፈቃዱ የላቸውም። የቴክሳስ ቴክ የቦርድ ሊቀ መንበር ኮዲ ካምቤል ሕጉ ይሻሻል ብለው በማስታወቂያ ጭምር ዘመቻ ከፍተዋል። በአንድ ላይ ከተሸጠ ገቢው ይጨምራል፣ ትናንሾቹም ይተርፋሉ ነው ክርክራቸው። ቢግ ቴን እና ኤስኢሲ አይቀበሉትም።

እኔ ሐሳቡን እደግፋለሁ። እኛ ሌት ተቀን የምናየው የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ መብቱን በጋራ ነው የሚሸጠው። ታች ያለው ክለብም ለመኖር የሚበቃውን ያገኛል፤ ላይ ያሉት ግን አልደኸዩም። በ1981 እንደነበረው ሁሉም እኩል ይውሰድ አልልም። የኦክላሆማ ቅሬታ እውነተኛ ነበር። ግን በእኩል ክፍፍልና በሁለት ኮንፈረንስ ጌትነት መሀል ሰፊ ቦታ አለ። ኮንግረሱ ቶሎ ይንቀሳቀሳል ብዬ ግን አልጠብቅም።

ስለዚህ ዓይን የሚጣልበት ዓመት 2030 ነው። የቢግ ቴን ውል በ2029-30 ዘመን ያልቃል። የቢግ 12 ከሱ አንድ ዓመት በኋላ ነው። ኤሲሲ ከኢኤስፒኤን ጋር እስከ 2036 ታስሯል። ከኤሲሲ አባላት ፍሎሪዳ ስቴት በዲሴምበር 2023፣ ክሌምሰን በማርች 2024 ከዚህ ለመላቀቅ ክስ መሥርተው ነበር። በማርች 2025 ታረቁ። በእርቁ መሠረት የገንዘቡ ከፊል በተመልካች ብዛት ይከፋፈላል። ከኮንፈረንሱ ለመውጣት የሚከፈለው ካሳ ደግሞ በየዓመቱ እየቀነሰ በ2030-31 ወደ 75 ሚሊዮን ዶላር ይወርዳል። የቢግ ቴን አዲስ ውል በሚደራደርበት ጊዜ ማለት ነው። ክሌምሰን እና ፍሎሪዳ ስቴት ያን ቁጥር የተቀበሉት አስበውበት ነው፤ እነሱ ሲወጡ ኤሲሲ ውስጥ የሚቀሩት ዌክ ፎረስት እና ቦስተን ኮሌጅ በኮርቫሊስ እና በፑልማን ቦታ ይቀመጣሉ።